«ቅርስ ነው» ከተባለ በኋላስ?

ባለፈው ክረምት ነው። የደሴን ዝናብ የሚያውቅ ያውቀዋል። መጀመሪያ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ቆርቆሮው መንጫጫት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ጆሮ ለጆሮ ካልሆነ ወሬ የለም። በዚያ ዝናብ የሰፈራችን አንዲት እናት ቤት ቡና ተጠርቼ ሄድኩ። ቤታቸው የድሮ ነው፤ ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ በረንዳው እንጨት፣ ወለሉ ጣውላ። ሳሎኑ መሀል አንድ ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል። ጠብ። ጠብ። ጠብ።

አቦሉን እየቀዱ «ልጄ፣ አንተ ከወረቀት ጋር ትውላለህና እንደው ልጠይቅህ» አሉኝ። «ሁለት ልጆች ከመሥሪያ ቤት መጥተው ቤቱን ፎቶ አነሱት፣ ሜትር ዘርግተው ለኩት። ‹እማማ፣ ይሄ እኮ ቅርስ ነው፣ እንዳይነኩት› ብለውኝ ሄዱ። እሺ፣ አልነካም። ቆርቆሮውን ግን ማን ይቀይርልኛል?»

መልስ አልነበረኝም። «አብሽሩ፣ አጣርቼ እመጣለሁ» ብዬ ወጣሁ። ማጣራቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ፈጀ። ጥያቄው የእሳቸው ብቻ እንዳልሆነም የገባኝ ያኔ ነው። ደሴ ውስጥ በአያቱ ቤት የሚኖር፣ ቤቱን የሚወድ፣ ግን ምን እንደሚፈቀድለትና ምን እንደሚከለከል የማያውቅ ሰው ብዙ ነው። ያጣራሁትን እነሆ።

መጀመሪያ ቃሉ ራሱ። «ቅርስ» ሲባል አብዛኞቻችን አእምሮ ውስጥ የሚመጣው አክሱም ነው፣ ላሊበላ ነው። ከኛ አካባቢ ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ግሸን ማርያም። ሕጉ ግን ከዚህ በጣም ይሰፋል። ዋናው ሕግ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። እሱ እንደሚለው አንድ ነገር ቅርስ የሚሆነው በሳይንስ፣ በታሪክ፣ በባህል፣ በኪነ ጥበብ ወይም በዕደ ጥበብ ረገድ ትልቅ ዋጋ ሲኖረው ነው። ትልቅ መሆን አይጠበቅበትም። ቤተ መንግሥት መሆንም አይጠበቅበትም። የሚንቀሳቀስም ሊሆን ይችላል፤ መጽሐፍ፣ ጋሻ፣ ማህተም፣ የወይዘሮ ቀሚስ። የማይንቀሳቀስም ሊሆን ይችላል፤ ቤት፣ ድልድይ፣ መስጊድ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር።

ከዚያ ደረጃ አለው። ከላይ የዓለም ቅርስ ነው፤ ላሊበላ በፈረንጆቹ 1978 የተመዘገበበት ማለት ነው። ከሱ በታች አገር አቀፍ ቅርስ፣ ቀጥሎ የክልል ቅርስ። የኋለኞቹን ሁለቱን የሚለየው ሌላ አዋጅ ነው፣ ቁጥር 839/2006። ይህን የምለው ቁጥር ለማብዛት አይደለም። ደረጃው ለቤቱ ማን ኃላፊ እንደሆነ ይወስናል። ለአገር አቀፉ አዲስ አበባ ያለው የቅርስ ባለሥልጣን ነው የሚጠየቀው፣ ለክልሉ ክልሉ። ስለዚህ «ቅርስ ነው» ያሏችሁን ሰዎች የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «የየት ቅርስ? ተመዝግቧል ወይስ ሊመዘገብ ነው?» የሚል ይሁን። በኛ እናት ቤት ጉዳይ መልሱ «ገና ቆጠራ ላይ ነን» ነበር። ማለትም ልጆቹ የመጡት ዝርዝር ሊይዙ ነው። ለእሳቸው ግን አልነገሯቸውም። ተከለከሉ እንጂ አልተብራራላቸውም።

ሁለተኛው ነገር ባለቤትነት ነው። ብዙ ሰው ቤቱ ቅርስ ከተባለ መንግሥት የወሰደው ይመስለዋል። ለዚህም ነው አንዳንዱ የሚደብቀው። «አያቴ የንጉሥ ሚካኤል ባለሟል ነበሩ» ብሎ ቡና ላይ ሲኩራራ የዋለ ሰው፣ መዝጋቢ ሲመጣ «እኛ እንኳን ይሄን ቤት በቅርብ ነው የገዛነው» ይላል። ፍርሃቱ ይገባኛል። ግን ልክ አይደለም። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ያ የታወቀ ነው። ቤቱን ግን፣ ቅርስም ቢሆን፣ ግለሰብ በባለቤትነት ሊይዘው ይችላል። አዋጁ ይህንን በግልጽ ይፈቅዳል።

ችግሩ የሚከብደው የቀበሌ ቤት ሲሆን ነው። በሐምሌ 1967 ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ወረሰ፤ ቁጥሩ 47/1967። ያኔ ከአንድ በላይ ቤት የነበረው ሰው አንዱን ይዞ ሌላውን አስረከበ። ደሴ የመኳንንት ከተማ ስለነበረች ትልልቆቹ የድሮ ቤቶች ከዚህ አላመለጡም። አንድ የደጃዝማች ቤት ለአምስት፣ ለስድስት ቤተሰብ ተከፋፈለ። ሳሎኑ በኮምፔንሳቶ ተጋረደ፣ በረንዳው ወጥ ቤት ሆነ። ኪራዩ ሳንቲም ነው፣ ቀበሌው በዚያ ሳንቲም አያድስም። ተከራዩ ደግሞ «የኔ ባልሆነ ቤት ምን አገባኝ» ይላል። ማንም ክፉ ሳይሆን ቤቱ ይሞታል። በኔ ግምት ከዶዘር ይልቅ የደሴን የድሮ ቤቶች የጨረሰው ይሄ ነው። ዶዘሩ የሚመጣው ከሞቱ በኋላ ለቀብር ነው።

አሁን ወደ ቆርቆሮው። አዋጁ ባለቤቱን ሁለት ነገር ይጠይቀዋል። አንደኛ፣ ቅርሱን በራሱ ወጪ መንከባከብ አለበት። ሁለተኛ፣ ጥገናም ሆነ እድሳት ከማድረጉ በፊት ማስፈቀድ አለበት። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት ሊያግዝ የሚችልበትን በር ሕጉ ከፍቷል። በር መክፈት ግን ገንዘብ መስጠት አይደለም፤ ያቺን ልዩነት ማንም የመንግሥት ቢሮ ደጅ የጠና ያውቃታል። ያም ሆኖ መልሱ ልጆቹ ከተናገሩት ይለያል። «እንዳይነኩት» አይልም ሕጉ። «ሳያስፈቅዱ እንዳይነኩት» ነው የሚለው። እንዲያውም ዝም ብሎ እያየ ያስፈረሰ ባለቤት ግዴታውን አልተወጣም።

ስለዚህ የሚደረገው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ምን እንደተበላሸ፣ በምን ሊጠገን እንደታሰበ፣ ከነፎቶው። ፎቶው ላይ ስስት አያስፈልግም፤ ከውጭ፣ ከውስጥ፣ ከጣሪያ ሥር። አንድ ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። መዝገብ ቤት ስታስገቡ የገቢ ቁጥሩን ቅጂያችሁ ላይ አስጽፉ። ይህ ሕግ ሳይሆን ኑሮ ያስተማረኝ ነው። አንድ ጊዜ ስሙን በማልጠቅሰው ቢሮ ውስጥ ደብዳቤዬ ጠፍቶ፣ ቁጥሩን ስነግራቸው ከመሳቢያ ሲወጣ አይቻለሁ።

ፈቃዱ የሚያስፈልግበትን ምክንያትም መረዳት ደግ ነው። ቢሮክራሲ ብቻ አይደለም። በቀና ልብ የተደረገ እድሳት ከጎርፍ የባሰ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻም። ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ በሲሚንቶ የተለሰነ የድሮ የጭቃ ግድግዳ አለ። ፊቱ ያምራል። ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን በጣታችሁ አንኳኩት። ባዶ ቆርቆሮ ጣሳ ይመስል ይጮኻል። ልስኑ ከግድግዳው ተላቋል ማለት ነው። ትንሽ ቆይቶ በር የሚያህል ገበታ ሆኖ ይወርዳል።

ለምን? የድንጋይና የጭቃ ግድግዳ ይተነፍሳል። ከመሬት እርጥበት ይስባል፣ ከዝናብም ይጠጣል፣ ፀሐይ ሲወጣ ደግሞ መልሶ ያስወጣዋል። መቶ ዓመት የቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ሲሚንቶ ሲደረግበት መተንፈሻው ይደፈናል። ውሃው በአንዲት ስንጥቅ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ከኋላ ያለው ጭቃ ቀስ እያለ ይላላል። እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይመጣል። ባለቤቱ ልስኑ ሲሰነጠቅ «አላጠነከርነውም» ብሎ ሌላ ሲሚንቶ ይጨምርበታል። መድኃኒቱ በሽታው ሆኖ አረፈው።

ትክክለኛው ነገር ቤቱ በተሠራበት ዓይነት መጠገን ነው። ጭቃ ከሆነ ጭቃ፤ ያውም ጭድ ገብቶበት፣ ቀናት ተቦክቶ የሰነበተ። የባለ እጅ አዛውንቶች ጭቃውን በእጃቸው ጠቅልለው፣ አሽተው፣ አሽትተው ነው «ደርሷል» የሚሉት። ኖራ ከሆነ ኖራ። ኖራ የተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ነው፤ ውሃ ተጨምሮበት ይቦካል፣ ከአየር ጋር እየተዋሐደ በዝግታ ይጠነክራል። ከሲሚንቶ ይለሰልሳል፣ እርጥበት ያሳልፋል። ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ዋናው ጣጣው እሱ ነው። የዛሬ ግንበኛ በሦስት ቀን ጨርሶ ሒሳቡን መቀበል ነው የሚፈልገው። አልፈርድበትም።

ጣሪያስ? ቆርቆሮ መቀየር በራሱ ችግር የለውም። ከኛ ቤቶች ብዙዎቹ ድሮውኑም ቆርቆሮ ነበሩ። ስትገዙ ግን ጌጁን ጠይቁ። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ በጣም ይቀጥናል። ርካሽ ነው ብሎ የሳሳውን የገዛ ሰው በረዶ በመጣ ቁጥር ይጸልያል። የጣሪያውን ቅርጽ ደግሞ አትለውጡ። የድሮ ሰዎች ጣሪያውን ያሾሉት፣ ክፈፉን ከግድግዳው አርቀው ያወጡት ለውበት ብቻ አልነበረም። የደሴ ውሃ ግድግዳ እንዳይነካ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ዳገትና ገደል ናት፣ አፈሩም ይንሸራተታል። ደሴና ናዳ የቆየ ትውውቅ አላቸው። ከጣሪያ የወረደ ውሃ ቦይ ካላገኘ መሠረት ሥር ነው የሚገባው።

በዓለም ላይ የጥገና ባለሙያዎች የሚመሩበት አንድ ሰነድ አለ፣ የቬኒስ ቻርተር ይባላል። በፈረንጆቹ 1964 የወጣ ነው። ከውስጡ ሁለት ሐሳቦች ለኛም ይጠቅማሉ። አንዱ፣ ግምት በጀመረበት ቦታ እድሳት ይቁም ይላል። «ድሮ እዚህ ጋ ሰገነት ሳይኖረው አይቀርም» ተብሎ ሰገነት አይሠራም። ሌላው፣ አዲስ የተጨመረው ነገር ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ግን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው አዲስ መሆኑ ይለይ ይላል። ዘመን አንዋሽ ማለቱ ነው። እኔ ይሄኛውን እወደዋለሁ። አሮጌ የሚመስል አዲስ ቤት ስናይ ሁላችንም ውስጣችን ያውቀዋልና።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ድንጋይና ጭቃ ነው። ግን ቤት ለምን ይጠበቃል? አብዛኛውን ጊዜ ሰው ስለኖረበት ነው። እዚህ ላይ ደሴ ሀብታም ናት፣ ንፉግም ናት።

ሀብቷን እንይ። ስሟን አፄ ዮሐንስ አራተኛ አወጡላት ይባላል፤ በዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ አይተው ተደስተው «ደስዬ» አሉ ነው ታሪኩ። ከተማ ያደረጓት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። የልጅ ኢያሱ አባት፣ ዓድዋ የዘመቱ፣ በ1906 የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ያሠሩት የግብር አዳራሽ ዛሬም አለ፣ አይጠየፍ ይባላል። ስሙን ሲፈቱት «ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉን የሚያስተናግድ፣ ሰው የማይጠየፍ» ይላሉ። እስቲ አስቡት፣ አንድ አዳራሽ ስሙ ራሱ ሥነ ምግባር ሲሆን። ሌላ አገር ቢሆን ቲሸርት ላይ ይታተም ነበር።

የደሴ ሙዚየም ያለበት ቤትም የሰው ቤት ነበር፤ የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ። ይህ ቤት የድሮ ቤት እንዴት እንደሚተርፍ ያሳያል። የተረፈው ሥራ ስለተሰጠው ነው። ሰው የሚገባበት፣ መስኮቱ የሚከፈት፣ ጠራጊ ያለው ቤት አይፈርስም። ተቆልፎ የተጠበቀ ቤት ነው ቶሎ የሚፈርሰው፤ ጣሪያው ማፍሰስ ሲጀምር የሚያይ የለማ። ሥራ ያለው ቤትም ቢሆን ከጦርነት አያመልጥም። ከተማዋ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 በጦርነት እጅ በነበረች ጊዜ ሙዚየሙም ጉዳትና ዝርፊያ ደርሶበታል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት በጣም ተራ ነው። ፎቶ የተነሳና ዝርዝሩ ሌላ ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ቢሰረቅ «የኛ ነው» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ያልተመዘገበ ዕቃ ከጠፋ በኋላ እንዳልነበረ ነው። ለቤተ ክርስቲያንም፣ ለመስጊድም፣ ለየቤታችን ሳጥንም ያው ነው።

ንፉግነቷ ደግሞ ሰው ማስታወስ ላይ ነው። ስሞቹን እንጠራለን፣ ሰዎቹን ግን አናውቃቸውም። ወይዘሮ ስህንን ውሰዱ። ትምህርት ቤቱን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ጥቂት ነው። ከዚያ የወጣው ሰው ብዛት፣ የተማሪ እንቅስቃሴው፣ ዋለልኝ መኮንን እዚያ መማሩ፣ ይህ ሁሉ ይነገራል። ስህን ማን ናት? እኔ ልጅ ሆኜ «ወይዘሮ ሳህን» ነበር የምሰማው። ሳህን ያበዙ ባለጠጋ ሴት አድርጌ ነው የምስላቸው። ማንም አላረመኝም። ወይዘሮ ስህን የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ናቸው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር በር ላይ ለመለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል?

መምህር አካለወልድም እንደዚያው። በስማቸው ትምህርት ቤት አለ። ተማሪው ዩኒፎርሙ ላይ ለብሷቸው ይዞራል። በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው መጻሕፍትን የተረጎሙ፣ ደቀ መዝሙር ከየአገሩ የሚጎርፍላቸው ሊቅ እንደነበሩ ግን ስንቱ ያውቃል?

ለአንድ ሰው ማስታወሻ ሲታሰብ መጀመሪያ የሚመጣልን ሐውልት ነው። ሐውልት አልጠላም። ግን ውድ ነው፣ የሚሠራው አንድ ጊዜ ነው፣ ከተመረቀ በኋላ ደግሞ የፎቶ ማንሻ ይሆናል። ከዚያ ርካሽና ዘላቂ የሆኑ መንገዶች አሉ። አንዱ ስሙን ባለበት ማቆየት ነው። ፒያሳ፣ ሰኞ ገበያ፣ ሮቢት፣ መናፈሻ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሸዋ በር፤ እነዚህ የሰፈር ስሞች ራሳቸው መዝገብ ናቸው። ፒያሳ ጣሊያን እንደነበረ ይነግራችኋል። ሰኞ ገበያ ገበያው ቀን እንደነበረው ይነግራችኋል። አንድ ሰፈር «ቀጠና 3» ሲባል ምንም አይነግራችሁም። ሌላው መንገድ ትንሽ ሰሌዳ ነው። ማን፣ መቼ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምን አደረገ። አራት መስመር ይበቃል። «ታላቁ»፣ «ዝነኛው»፣ «አንጋፋው» የሚሉ ቃላት ቦታ ብቻ ነው የሚይዙት።

ግን አራቱ መስመር እውነት ይሁን። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ከደሴ ወጣ ብሎ ያለውን ቦሩ ሜዳን አስቡ። ግንቦት 1870 አፄ ዮሐንስ እዚያ ጉባኤ ጠሩ። የኦርቶዶክስ ሊቃውንት የዘመናት ክርክር እዚያ ተቋጨ። ምኒልክም ነበሩ። በዚያው ጊዜ የወሎ ሙስሊም መኳንንት ክርስትና እንዲነሡ ተደረገ። ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ የኋላው ንጉሥ ሚካኤል ማለት ነው፣ ያኔ ሚካኤል ተባሉ፤ አፄ ዮሐንስም ክርስትና አባት ሆኑላቸው። ለአንዱ ቤተሰብ ቦሩ ሜዳ የሃይማኖት አንድነት ቦታ ነው። ለሌላው ቤተሰብ አያት ከአገር የተሰደዱበት፣ ሸህ ጦልሃን የመሰሉ ሰዎች «አንገዛም» ያሉበት ዘመን መጀመሪያ ነው። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ዕድር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤት ውስጥ ሁለቱም ትዝታ አለ። ወሎ እንዲህ ናት።

ታዲያ ሰሌዳው ምን ይበል? ሁለቱንም ይበል። «በዚህ ቦታ ጉባኤ ተካሄደ፣ ይህ ተወሰነ፣ ይህም ተከተለ።» ሚዛን ለመጠበቅ ብዬ አይደለም። አንዱን ብቻ የሚል ሰሌዳ ዕድሜ የለውም፤ ዘመን ሲቀየር ይነቀላል። ሁለቱንም የያዘውን ግን ሁለቱም ወገን ይጠብቁታል። ይህ የኔ አስተያየት ነው፣ የሚሟገተኝ ካለ ቡና ይጥራኝ።

አንዳንዱ ቦታ ደግሞ የቆመ ነገር ላይኖረው ይችላል። ኅዳር 26 ቀን 1928 የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ደበደቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ። የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታልም ተመታ። ዜናው በዓለም ጋዜጦች ወጣ። እኔ እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ ተምሬ፣ አንድም አስተማሪ እጄን ይዞ «ቦንቡ የወደቀው እዚህ ጋ ነው» ብሎ አላሳየኝም። ቤት ስለሌለ ብቻ ቦታው ዲዳ መሆን የለበትም።

ኮምቦልቻ ስንወርድ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ዘቅዝቆ፣ አየሩ ተቀይሮ፣ ሹራባችሁን አውልቃችሁ ትገባላችሁ። «እኛ ጋ ቅርስ የለም፣ ፋብሪካ ነው ያለው» ያለኝ የኮምቦልቻ ጓደኛ አለኝ። ፋብሪካውስ? የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ስንት ቤተሰብ እንዳሳደገ ቁጠሩ። የፈረቃ ሠራተኛ የነበሩ እናቶች አሁን በሕይወት አሉ። መኪናው እንዴት ይጮህ እንደነበር፣ በምልክት ቋንቋ እንዴት እንደሚያወሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን እንዳደረጉበት መናገር ይችላሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ሌላ ትውልድ መጥቷል። የዛሬ ስድሳ ዓመት የኮምቦልቻ ታሪክ የሚጻፈው ከነዚህ ሰዎች ነው። እነሱ ካለፉ በኋላ የማስታወሻ ኮሚቴ ከማቋቋም ዛሬ ስልክ አውጥቶ መቅዳት ይሻላል።

ስለ መቅዳት አንድ ነገር ልበል። አዛውንት ስትጠይቁ «በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» አትበሏቸው። ወይ አያስታውሱትም ወይ እናንተን ላለማሳፈር አንዱን ይገምታሉ። «ከጣሊያን በፊት ነው ወይስ ከገባ በኋላ?» በሏቸው። «እርስዎ አግብተው ነበር?» «የኅዳር በሽታን ወላጆችዎ ያወሩት ነበር?» የኅዳር በሽታ 1911 ነው፣ ስለዚህ ካወሩት መያዣ አገኛችሁ ማለት ነው። ፎቶ ካወጡላችሁ ከጀርባው በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ዘልቆ ይወጣል። ከግራ ወደ ቀኝ የሁሉንም ስም። «ሌሎች» ብላችሁ አትለፉ።

ይህን ሁሉ ይዤ ተመለስኩ። እማማ ቡናውን አፍልተው ጠበቁኝ። ሕጉን ነገርኳቸው፣ ማመልከቻውን አብረን ጻፍን። «ለመኖሪያነት የምገለገልበት» የሚለው ቦታ ላይ አስቆሙኝ። «የተወለድኩበት በል» አሉ። አልኩ። መልሱ ገና አልመጣም፣ ቁጥሩ ግን በእጃችን አለ።

ጣሪያውን ሳናስፈቅድ አንነካም፤ አሸንዳ መጥረግን ግን ማንም አልከለከለም። ቅዳሜ ከጎረቤት መሰላል ተዋስኩና ወጣሁ። አሸንዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ አፈር፣ ከውስጡ የበቀለ ሣር፣ አንድ እግር የሕፃን ነጠላ ጫማ፣ የፈነዳ የፕላስቲክ ኳስ። ውሃው መውረጃ አጥቶ ወደ ውስጥ ነበር የሚመለሰው። ሁለት ማዳበሪያ ሙሉ አወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጣ። ቁጭ ብለን ሳፋውን አየነው። አንድ ጠብ አለ። ቆይቶ አንድ ጨመረ። ከዚያ ቀረ።

«ሳፋውን ላንሣው?» አልኳቸው።

«ተወው» አሉኝ ወደ ጦሳ እያዩ። «ነሐሴ ገና ነው።»